ከገጹ ግርጌ ያሉት ኖታዎች

ሮስቪታ ኬሰል በሠላሳ ሰባት ዓመት የኦርኬስትራ ሥራዋ ከቀኝ ገጽ ግርጌ ያሉትን የመጨረሻ ኖታዎች ተጫውታ አታውቅም። ለሰው ሲነገር ቀልድ ይመስላል። ቼሎ፣ ማለት በጉልበት መሐል ተይዞ በደጋን የሚመታውን ትልቅ ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ የሚጫወቱ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ የኖታ ማቆሚያ ፊት ይቀመጣሉ። ገጹ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከሁለቱ አንዱ ደጋኑን ከክሩ ላይ ያነሣና እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ይገልጣል፤ ሌላው ዜማው እንዳይቋረጥ መጫወቱን ይቀጥላል። የሚገልጠው ሁልጊዜ ከአድማጩ ራቅ ብሎ ከውስጥ በኩል የሚቀመጠው ነው። ሮስቪታ ከሃያ አራት ዓመቷ ጀምሮ የተቀመጠችው እዚያ ነው፤ በሁለተኛው ማቆሚያ፣ ከውስጥ በኩል።

"አንቺ እኮ አንድም ሲምፎኒ ጨርሰሽ አታውቂም" ይላት ነበር ባሏ ሃርትሙት። "ከያንዳንዱ ሁለት ሁለት ኖታ ይቀርሻል።"

ሃርትሙት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባቡር ምልክት ሰጪ ነበር።

"አንተስ ስንት ሺህ ባቡር አሳለፍክ" ትለዋለች፤ "ስንቱ ላይ ተሳፈርክ?"

የተወለደችው በፈረንጆቹ 1953 ነው፤ በቱሪንጊያ ጫካ ሥር ባለች የብርጭቆ ሠራተኞች መንደር። አባቷ ብርጭቆ በትንፋሽ የሚነፋ ሰው ነበር፤ ጉንጩ ሁልጊዜ የቀላ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ከወረዳው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት መጡና ልጆቹን አሰልፈው እጃቸውን አዩ። "የቫዮሊን ክፍሉ ሞልቷል" አሉ፤ "የዚህች ግን ጣቷ ረጅም ነው። ቼሎ ይሰጣት።" ነገሩ ይኸው ነው። በክረምት ቼሎውን በበረዶ ላይ በሸርተቴ እየጎተተች፣ የአባቷን ካፖርት ከላይ አልብሳው ትሄድ ነበር። እናቷ በመስኮት እያየች "ብርድ ከመታቸው እሷ ትተኛለች፣ እሱ ግን ይሰነጠቃል" ትል ነበር፤ ስለዚህም ካፖርቱን አልከለከለቻትም።

በሃያ ዓመቷ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሳለች መምህሯ አንድ ቀን ደጋኗን አስቁመው፣ "ድምፅሽ ንጹሕ ነው" አሏት። "ብቻሽን ስትጫወቺ ግን ሰው ይቅርታ የምትጠይቂ ትመስያለሽ።" ሮስቪታ አልተቀየመችም፤ እውነት ነበር። ብቻዋን መድረክ ላይ ስትወጣ የራሷ ድምፅ ያሳፍራታል። ከሌሎች ስምንት ቼሎዎች ጋር ስትቀመጥ ግን፣ ወንዝ ውስጥ እንደተደፋ ባልዲ ውሃ፣ ድምፅዋ የት ገብቶ የት እንደወጣ አይታወቅም፤ ወንዙ ግን በዚያች ባልዲ ልክ እንደጨመረ ታውቃለች። ያን ትወደው ነበር። በ1977 በዛሌ ወንዝ ዳር ባለችው በቫይደንብሩክ ከተማ ኦርኬስትራ ተፈትና ገባች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ ተፈትና አታውቅም።

ያስቀመጧት አቶ ሎቤ አጠገብ ነው። ሎቤ ከሃምሳ ያለፉ፣ ፀጥ ያሉ ሰው ነበሩ፤ እርሳስ ከጆሯቸው ጀርባ አይለይም። በመጀመሪያው ልምምድ ላይ የነገሯት ስለ መቁጠር ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ ሰው ከሚጫወትበት ጊዜ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ይበዛል፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥም ይቆጥራል፤ አራት አራት ምት እንደ አንድ ዙር ይዞ፣ ሃያ ዙር፣ ሠላሳ ዙር፣ አንዳንዴ መቶ። በቁጥሩ መጨረሻ ላይ በትክክለኛዋ ቅጽበት መግባት አለበት።

"ሁለት ሰው ሲቆጥር ሁለት ቁጥር ይሆናል" አሉ ሎቤ። "ሲለያይ እርስ በርስ መተያየት ይመጣል፤ መተያየት ሲመጣ ይረፍዳል። እዚህ ማቆሚያ ላይ የምቆጥረው እኔ ነኝ። አንቺ ስሚ። ደጋኔን ክሩ ላይ ሳሳርፍ አብረሽኝ ትገቢያለሽ።"

ሌሎቹ ማቆሚያዎች እንዲህ አያደርጉም፤ ሁሉም ለራሱ ይቆጥራል። ሁለተኛው ማቆሚያ ግን የሎቤ አገር ነበርና በሎቤ ሕግ ይተዳደራል። ሮስቪታም ለአሥራ ሁለት ዓመት ሳትቆጥር ሰማች። የተጫወተቻቸውን ሙዚቃዎች ከሌላ ሰው ይልቅ የምታውቃቸው ለዚህ ይመስላታል፤ ሌላው ቁጥር ላይ ሳለ እሷ ዋሽንቶቹን እየሰማች ነበር።

ሎቤ ጡረታ ሲወጡ ወደ ውጭው ወንበር የመዛወር ተራው የሷ ነበር። "ገጹን ማን ይገልጣል?" ብላ ቀረች። መቁጠሩን ግን ወረሰች። ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ተከፍሎ የነበረው አገር ተቀላቀለ፣ ኦርኬስትራውም ከጎረቤት ከተማው ጋር ተቀላቀለ፤ ከአሥር ቼሎ ስድስት ቀረ። ከቀሩት አንዷ እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ውጭው ወንበር ላይ አራት ሰዎች ተቀያየሩ፤ ለአራቱም የመጀመሪያ ቀን ያለቻቸው ቃል አንድ ነው። "እኔ እቆጥራለሁ። አንተ ስማ።"

አምስተኛዋ ማራይከ ሬንሽ ናት።

ማራይከ የመጣችው በ2013 መስከረም ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሰሜን ባሕር ዳር ልጅ ናት፤ በልምምድ ዕረፍት ላይ ሄሪንግ ዓሣ በዳቦ ትበላለች። የዓሣው ሽታ መጀመሪያ የሚደርሰው ከቼሎም የሚበልጠውን ባስ ከኋላ ቆመው ለሚጫወቱት ነው።

"ወደቡ ገባ!" ይላል ዲትማር፤ ከባሶቹ ሁሉ ትልቁና ለፍላፊው። "ልጄ፣ ይሄ ዓሣ መቼ ነው የሞተው? አንቺ ሳትወለጂ?"

"እርስዎ ሥራ በጀመሩበት ዓመት ነው አቶ ዲትማር" አለችው ማራይከ ዳቦዋን እያኘከች።

ዲትማር እስኪያስለው ሳቀ። ሮስቪታ አንገቷን ደፍታ ደጋኗን ሙጫ እየቀባች ፈገግ አለች። ልጅቷን የወደደቻት ያን ቀን ነው፤ አልነገረቻትም እንጂ።

በነዚህ ኦርኬስትራዎች ፈተና አልፎ መግባት መቀጠር አይደለም። አዲስ ሰው አንድ ዓመት ይሞከራል። ዓመቱ ሳያልቅ አጠገቡ የሚጫወቱት ይሰበሰቡና በወረቀት "አዎ" ወይም "አይ" ይላሉ። ለማራይከ የሚሰበሰቡት ዘጠኝ ናቸው፤ አምስቱ ቼሎዎችና አራቱ ባሶች። ለመቀጠር ስድስት "አዎ" ያስፈልጋታል። ካላገኘች ዕቃዋን ሰብስባ ሌላ ከተማ ከሰማንያ ሰው ጋር ለአንዲት ወንበር ትፈተናለች። ከዚህ በፊት አንድ ሌላ ቦታ ይኸው ደርሶባት ነበር፤ በአንድ ድምፅ ወድቃ።

ለማራይከም ሮስቪታ የተለመደውን ብላታለች።

"እኔ እቆጥራለሁ፤ አንቺ ስሚ።"

"ጭራሽ አልቁጠር ወይዘሮ ኬሰል?"

"ጭራሽ።"

ማራይከ ቅንድቧን አነሣች፤ ከዚያ "እሺ" አለች። እሺ ብላም በእሺታዋ ጸናች።

በታኅሣሥ በአንድ ኦፔራ መሐል ሮስቪታ ዘጠኝ ላይ ደርሳ፣ ዘጠኝ ይሁን ዐሥር ጠፋባት። ቁጥሩ አልተምታታባትም፤ ከናካቴው አልነበረም፤ ደረጃ ላይ እግር አንሥቶ ደረጃው እንደሌለ እንደማግኘት ያለ ነገር ነው። ወደ ማራይከ ሰረቅ አድርጋ አየች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሮስቪታ ገመተች፤ ግምቱ ትክክል ሆነ። በየካቲት እንደገና ደረሰባት፤ ያኔም በግምት አለፈች። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ከቤቷ እስከ ትራም ማቆሚያው እርምጃዋን መቁጠር ጀመረች። አንድ ቀን አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ይመጣል፤ በማግስቱ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት። መንገዱ ያው ነው። እናቷ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልጆቿን ስም ረስታ ነበር የሞተችው፤ ስለዚህ ሮስቪታ ለማንም አልተናገረችም። ጡረታዋ አራት ዓመት ቀርቶታል። አራት ዓመት፣ አለች ለራሷ፣ በዋሽንቶቹ እየተመራሁ አልፈዋለሁ።

መጋቢት ውስጥ፣ እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ትልቅ ሲምፎኒ ነበራቸው። አዳራሹ ሞልቷል። በሦስተኛው ክፍል ቼሎዎቹ ዐሥራ አራት ዙር ያርፋሉ። በዐሥራ አራተኛው ዙር ላይ ኦርኬስትራው በሙሉ ዝም ይላል፤ ሰባ ሰው ትንፋሹን ይዞ አራት ምት ይጠብቃል። ከዚያ ቼሎዎቹ በዝቅታ ይገባሉ። ሙዚቃው ሁሉ የተሠራው ለዚያች ዝምታ ነው ማለት ይቻላል።

ዋሽንቶቹ አቆሙ። ዝም ሆነ። ሮስቪታ ዐሥራ አራቱ አልቋል ብላ ደጋኗን ክሩ ላይ አሳረፈች። ገና ዐሥራ ሦስት ነበር ያለቀው።

ከፊቷ የተቀመጠው የአንስጋር ብሮል ትከሻ እንዳልተነቃነቀ አየች። አንስጋር የቼሎዎቹ አለቃ ነው፤ ሊገባ ሲል ትከሻው ከፍ ይላል። የሠላሳ ሰባት ዓመት ልማድ እጇን ያዘው፤ ደጋኗ እንዳረፈ ቀረ። ማራይከ ግን ያየችው የአንስጋርን ትከሻ ሳይሆን የሮስቪታን ደጋን ነው፤ እንደታዘዘችው።

ተጫወተች። አንዲት ወፍራም፣ ቆንጆ፣ ሙሉ ኖታ በዚያ ሁሉ ዝምታ መካከል።

ቶሎ አነሣች፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ከኋላ ወንበር አንድ አድማጭ አሳለ። የኦርኬስትራው መሪ ራሱን ሳያዞር ዓይኑን ብቻ ላከ። ከአራት ምት በኋላ ሁሉም ገቡ፤ ሙዚቃውም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀጠለ።

ሲያበቃ ከመድረኩ ጀርባ ዲትማር ባሱን ተሸክሞ እያለፈ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፤ የመጀመሪያ ሶሎሽን ሰማን" አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቢሆንም ማንም አልሳቀም።

አንስጋር ፊቱ ገርጥቶ መጣ። "ምንድን ነው የሆነው? ማን ነው የቆጠረው?"

ሮስቪታ በጨርቅ ከክሮቿ ላይ የሙጫ አቧራ እየጠረገች ነበር። 

"ስሕተቱ የኔ ነው" አለች ማራይከ።

"አልቆጠርሽም?"

"የኔ ነው አልኩ እኮ።"

አንስጋር ወደ ሮስቪታ ዘወር አለ፤ ያየው ሊጠይቃት አልነበረም፤ ከልጅ ጋር በመቀመጧ ሊያዝንላት ነው። ሮስቪታ ያን ክር ጠርጋ ሌላውን መጥረግ ጀመረች። አራቱንም ስትጨርስ ክፍሉ ባዶ ነበር።

ማክሰኞ ጋዜጣው ኮንሰርቱን አመስግኖ፣ "ትዕግሥት ስላጣች አንዲት ቼሎ" ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። ድምፅ መስጫው ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሮስቪታ ምንም አላደረገችም። በሁለተኛው ሳምንት ሃርትሙት ከከተማው ጠርዝ ባለችው የአትክልት ቦታቸው የኩራንት ቁጥቋጦ ሲከረክም፣ ቁርጥራጩን እየለቀመች ነገረችው። ስለ ዐሥራ አራቱ ዙር፣ ስለ ታኅሣሥና የካቲት፣ ስለ እርምጃዋ ቁጥር፣ ሁሉንም። ሃርትሙት መቀሱን አልጣለም፤ ግን መቁረጡን አቆመ።

"እርምጃሽን ደግሞ ለምንድን ነው የምትቆጥሪው?" አለ መጨረሻ ላይ።

"ለአንተ ሳልነግር ራሴን ልፈትን ብዬ ነው።"

"ጎበዝ።" አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ቆረጠ። "እናትሽን ፈርተሽ ነው?"

ሮስቪታ አንድ ቁርጥራጭ ለቅማ ወደ ክምሩ ጣለች።

"ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። እሱ የኛ ነው፤ የቤታችን። የልጅቷ ግን ሌላ ጉዳይ ነው ሮስቪታ። በኛ ሥራ ቀይ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ካበራሁ፣ ባቡሩን 'ለምን ሄድክ' ብሎ የሚጠይቀው የለም።"

"እኔ መናገር የምችል ሰው አይደለሁም።"

"አውቃለሁ። ስታገቢኝ እንኳ 'አዎ' ያልሽው ካህኑ ሁለቴ ጠይቀውሽ ነው። ብለሻል ግን።"

በማግስቱ ከልምምድ በፊት ማራይከን መሣሪያ በሚቃኝበት ክፍል ብቻዋን አገኘቻት። ልጅቷ ያችኑ የዝምታዋን ቦታ ስትለማመድ ነበር፤ አፏ እየተንቀሳቀሰ፣ እየቆጠረች።

"ለምን አልተናገርሽም?" አለች ሮስቪታ በሩን ዘግታ።

"ምን ብዬ ወይዘሮ ኬሰል? 'ሠላሳ ሰባት ዓመት የተጫወቱት ሴትዮ አሳሳቱኝ' ብዬ? በሙከራ ዓመቴ? ማን ያምነኛል?" ማራይከ ደጋኗን ጉልበቷ ላይ አስተኛች። "ደግሞም ሙሉ በሙሉ የርስዎ አይደለም። በየካቲት አይቻለሁ።"

"ምኑን?"

"እንደጠፋብዎት። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ በፊት ጣሪያ አይተው አያውቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሆዴ መቁጠር ነበረብኝ። ግን እምነት እንደማጉደል ሆነብኝ። 'ስሚ' ብለውኝ ነበርና ሰማሁ።"

ሮስቪታ የምትቀመጥበት ወንበር ፈለገች።

"ጥሩ ነው የሰማሽው?" አለች ተቀምጣ።

"ዋሽንቶቹን? በጣም።" ማራይከ ሳታስበው ፈገግ አለች። "እንደዚያ ሰምቻቸው አላውቅም።"

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሐሙስ ነበር፤ ከምሳ በኋላ። ማራይከ እንደ ደንቡ ታች ወርዳ በሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ትጠብቃለች። ዘጠኙ መሣሪያ በሚቃኝበት ክፍል ተሰበሰቡ። ወረቀት የሚጣልበት አንድ የቆየ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ሮስቪታ ራሷ በ1978 የተመረጠችው በዚያው ቆርቆሮ ነው።

አንስጋር አጭር ሰው ነው፤ ንግግሩም አጭር። "ድምፅዋን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጥሩ ነው። ጥያቄው የእሑዱ ነገር ነው። ዝምታ የማይቆጥር ሰው ላይ ሠላሳ ዓመት ልንተማመን እንችላለን ወይ? የሚናገር አለ?"

ሮስቪታ በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ባለ ስብሰባ ተናግራ አታውቅም፤ "አዎ" ወይም "አይ" ብላ ጽፋ አጥፋ ትጥላለች። አሁን ስትነሣ ወንበሩ ወለሉን ፋቀ፤ ሁሉም ዞሩ።

"እሑድ የቆጠርኩት እኔ ነኝ" አለች።

"ሁሉም ለራሱ ነው የሚቆጥረው ሮስቪታ" አለ አንስጋር በለሰለሰ ድምፅ።

"እኛ ማቆሚያ ላይ አይደለም። ሎቤ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። ስትመጣ 'አትቁጠሪ፣ የኔን ደጋን ተከተይ' አልኳት። እሑድ ደጋኔን ክሩ ላይ ያሳረፍኩት ዐሥራ ሦስተኛው ዙር እንዳለቀ ነው። አንተ እንዳልተነቃነቅክ አይቼ እኔ ቆምኩ። እሷ የታዘዘችውን አደረገች።"

አንስጋር ቆርቆሮውን ወደ ጎን ገፋው።

"ታዲያ ያኔ ስጠይቅ?" አለ አንስጋር። "አጠገቤ ቆመሽ ነበር እኮ።"

"ክር ስጠርግ ነበር።"

"ክር!"

"ፈራሁ አንስጋር። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ዲትማር ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እወድሻለሁ፤ ግን ደጋኑ ያለው በልጅቷ እጅ ነው። ሰው ግባ ስላሉት ብቻ ወንዝ አይገባም።"

"አንተ ግባ ስልህ ትገባ ነበር" አለች ሮስቪታ። "ከ1981 ጀምሮ ከኋላ ቆመህ የእጄን ክርን እያየህ ነው የምትገባው። አላውቅም መሰለህ?"

ከባሶቹ አንዱ ሳቁን ዋጠ። የዲትማር ጆሮ ቀላ።

አንስጋር ግን አልሳቀም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ቀርቶት ነበር፤ ሮስቪታም ከመምጣቱ በፊት አውቃዋለች።

"ከዚያ በፊትስ ጠፍቶብሽ ያውቃል?"

እዚህ ላይ "አይ" ብትል ማንም አያጣራም። የማራይከ ነገር ተነግሯል፤ የራሷ ሊቀር ይችላል። ግን አንዴ ጠፍቶባታል ካሉ፣ ለማንኛውም ሰው ይጠፋልና፣ ልጅቷ ለራሷ መቁጠር ነበረባት ይላሉ። ሁሉንም ካላወቁ የልጅቷን መታመን አያውቁትም።

"በታኅሣሥ አንዴ። በየካቲት አንዴ" አለች። "ገምቼ አለፍኩ፤ አልተሰማም። የየካቲቱን ማራይከ አይታለች። ብትፈልግ ለአንተ መንገር ትችል ነበር። አልነገረችህም፤ እሑድ ሲመጣም በራሷ አሳበበች።" ቆርቆሮውን አየች። "በሐምሌ አቆማለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ስትጽፉ እንድታውቁት ነው።"

ተቀመጠች። 

ወረቀቶቹ ተጣሉ። ዲትማር ቆርቆሮውን ገልብጦ እያወጣ አነበበ። አዎ። አይ። አዎ። አዎ። አይ። ሮስቪታ ዓይኗን ጨፍና "አዎ"ዎቹን ብቻ ያዘች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች። አዎ። አይ። አዎ። የመጨረሻዋን ወረቀት ዲትማር ዘርግቶ ጥቂት አያት፤ በራሱ እጅ የተጻፈች ትመስላለች።

"አዎ" አለ። "ስድስት።"

ሮስቪታም ስድስት ጣት አጥፋ ነበር።

ማራይከ በደረጃው ግርጌ ቆማ ነበር፤ ዳቦዋ ሳይነካ በወረቀት እንደተጠቀለለ በእጇ ይዛ። አንስጋር ከላይ "ግቢ፣ አንቺ ልጅ፤ የኛ ነሽ" ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የቀሩት እየወረዱ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ የተባለውን ሹክ ብለዋት አለፉ። ሮስቪታ የመጨረሻዋ ነበረች።

"ተናገሩ አሉ" አለች ማራይከ ዓይኗን እየጠረገች።

"ተናገርኩ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በይኝ። ሮስቪታ ነኝ።"

"እሺ ወይዘሮ... እሺ ሮስቪታ። ለምን ሁሉንም ነገሩ... ነገርሻቸው? ሐምሌ ማለት እኮ ነገ ነው።"

"ገጽ መግለጥ ትችያለሽ?" አለች ሮስቪታ። "የሚመጣውን ሰው ከውጭ በኩል ያስቀምጡት ይሆናል። ግርጌ ሳይደርስ ሁለት ኖታ ሲቀር ነው የሚነሣው። ሦስት ሲቀር ከተነሣሽ ይሰማል፤ አንድ ሲቀር ከተነሣሽ አትደርሺም።"

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ የጭንቅላት ምስል አስነሣት፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰች እንድትቆጥር አደረጋት። "ዕድሜ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ከዓመት በኋላ እናያለን" አለ። ሃርትሙት ከዚያ ወዲያ እስከ ትራሙ ይሸኛት ጀመር፤ እሱም ይቆጥራል፤ የሱም ቁጥር በየቀኑ ይለያያል። ይህ ለምን እንደሚያስደስታት አላወቀችም፤ ግን አስደሰታት።

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በሁለተኛው ማቆሚያ የምትቆጥረው ማራይከ ሆነች። የሎቤ ሕግ አልፈረሰም፤ ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ። ማራይከ በቼሎዋ ጎን ላይ አመልካች ጣቷን ድምፅ ሳታሰማ ታሳርፋለች፤ በመጨረሻው ዙር ላይ ጣቷን ታነሣለች። ሮስቪታም፣ ልክ በሃያ አራት ዓመቷ እንደነበረው፣ ሳትቆጥር ሰማች።

የመጨረሻዋ ኮንሰርት እሑድ ከረፋዱ ነበር። መድረክ ስትወጣ ማራይከ ቀድማ ወጥታ፣ ከውስጥ በኩል ባለው ወንበር፣ በሮስቪታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቼሎዋን ትቃኛለች።

"ተሳስተሻል" አለች ሮስቪታ በሹክሹክታ። "ያ የኔ ነው።"

"ዛሬ የኔ ነው። እዚያ ተቀመጪ።"

"አንስጋር..."

"አንስጋር ያውቃል።"

አንስጋር ወደ ፊት እያየ ነበር፤ የጀርባው ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ጀርባ ነው። ከኋላ ዲትማር "ተቀመጪ እንጂ፣ ክርንሽን የማየው ከየት ነው?" አለ። ተቀመጠች። ከአዳራሹ በኩል ብርሃኑ ከለመደችው ይበዛል፤ በሰባተኛው ረድፍ ሃርትሙት በሠርጋቸው ቀን ያሰረውን ክራባት አስሮ ተቀምጦ አየችው።

የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ሲደርስ ሁለት ኖታ ሲቀር ደጋኗ በራሱ ተነሣ፤ እጇም ተዘረጋ። የማራይከ እጅም እዚያው ነበርና አየር ላይ ተጋጩ። ወረቀቱ እጥፍ አለና ተመልሶ ቀና። አንስጋር አንገቱን ወደ ትከሻው ሰበረ፤ እየሳቀ ነበር። ሮስቪታ ሁለቱንም ኖታዎች አጣቻቸው፤ እንደ ሁልጊዜው።

በሁለተኛው ገጽ ግራ እጇን ከቼሎው አንገት ላይ እንዳይነሣ አጥብቃ ያዘች። የማራይከ እጅ በጎን መጣ፤ ወረቀቱን በጫፉ ያዘና ጠበቀ። ሮስቪታ ደጋኗን አላነሣችም። አንዱ ኖታ መጣ፣ ተጫወተችው። ሁለተኛው መጣ፣ ተጫወተችው። ገጹ ተገለጠ።

ሲያበቃ አበባ ሰጧት፤ አንስጋር ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ ለሱ ብዙ ነው። ሃርትሙት ቼሎውን ከመኪናው በስተኋላ እያስተኛ፣

"እንዴት ናቸው?" አለ።

"ምኖቹ?"

"የመጨረሻዎቹ ኖታዎች ናቸዋ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ያልተጫወትሻቸው።"

ሮስቪታ አሰበች።

"ሁለቱም ሶል ናቸው" አለች። "ያንኑ ነው ሁለቴ የሚሉት።"

ሃርትሙት የመኪናውን በር ዘጋ። "እኔን ቢጠይቁኝ አንዱ ይበቃ ነበር" አለ።

"አይበቃም" አለችው፤ ቀበቶዋንም አሰረች።